ስትሮክ የመታው ሰው ሌሊት እንዲተኛ፦ ለአስታማሚ ቤተሰብ ዝርዝር መመሪያ

እናቴን ስትሮክ ከመታት 3 ሳምንት ሆኗት ነበር። የሽንት ቱቦዋን ልትቀይር ቤት የመጣች አንዲት ነርስ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለች?» አለችን። አራት ልጆች ቆመናል። ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ የኪኒኗን ሰዓት፣ ስንት ማንኪያ አጥሚት እንደወሰደች በቃላችን እናውቃለን። ይህን ግን አንዳችንም መመለስ አልቻልንም።

ቀን ቀን ታንቀላፋለች። ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ እጇን ሲያሠራት ዓይኗ ይከደናል። ሌሊት ደግሞ ትቃዣለች፣ የሞቱ ዘመዶቿን ስም ትጠራለች፣ «ልነሳ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። እኛ «እየደከመች ነው» ብለን ተስፋ መቁረጥ ጀምረን ነበር። ቀንና ሌሊቷ ተገልብጦባት እንደሆነ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ያንን ጥያቄ እናንተ ቀድማችሁ እንድትጠይቁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ጠይቄያለሁ። መድኃኒትን የሚመለከት ማንኛውም ለውጥ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ብቻ ይሁን። ሰዓቱን ሁሉ የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ፦ እንቅልፍ ለተጎዳ አንጎል ምን ያደርግለታል?

ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲታገድ፣ ወይም የደም ሥር ሲፈነዳ የሚደርስ ጉዳት ነው። የሞተው ክፍል ተመልሶ አይድንም። በአካባቢው ያለው ጤነኛ ክፍል ግን የጠፋውን ሥራ ቀስ በቀስ ሊማር ይችላል። እጅ ማንሳት፣ መዋጥ፣ የልጅን ስም መጥራት እንደገና የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቀን ነው። አንጎል ውስጥ የሚጸናው ግን ብዙውን ጊዜ በእንቅልፍ ላይ ነው። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ተለማምደው የተኙት፣ ተለማምደው ሳይተኙ ከቆዩት ይልቅ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ሠርተዋል። ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ለፊዚዮቴራፒ በየቀኑ ገንዘብ እየከፈልን፣ ሌሊት እንቅልፍ በማጣት የተማረችውን እንድታጣ እያደረግን ነበር።

ሌላም አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን ተኝተው ያሉ አይጦችን አንጎል አጠና። በእንቅልፍ ጊዜ በሴሎቹ መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል ሰፍቶ ተገኘ። በዚያ ክፍተት ፈሳሽ እየገባ ቀን የተጠራቀመውን ቆሻሻ ያጥባል። ከሚታጠበው ውስጥ በአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ታማሚዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ቤታ አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን አለበት። በሰው ላይ ነገሩ እንዴትና ምን ያህል እንደሚሠራ ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል።

የደም ግፊትም አለ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የደም ሥሩ ይህን እረፍት አያገኝም። አንዴ ስትሮክ ለመታው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ደብተር ግዙና ለ7 ቀን ብቻ መዝግቡ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ያለውን እወቁ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። አልጋው አጠገብ ከእስክሪብቶ ጋር በክር እሰሩት፣ አለበለዚያ እስክሪብቶው ይጠፋል።

በየቀኑ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃ፣ ምን አነቃው (ሽንት፣ ሕመም፣ ጩኸት፣ እኛ ራሳችን ስናገላብጠው)፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ነቃ፣ ቀን ስንት ጊዜና ለስንት ደቂቃ አሸለበ። ቡና የጠጣበት ሰዓትም ይጻፍ። ተረኛው ሰው እዚያው ወዲያው ይጻፈው። ጠዋት «እንደው ትንሽ ተኝቷል መሰለኝ» የሚባለው አይጠቅምም።

የእናቴ የመጀመሪያ ሳምንት ደብተር ሲደመር፣ ሌሊት የምትተኛው በድምሩ ከ4 ሰዓት አይበልጥም ነበር። ቀን በ10 ደቂቃ፣ በ15 ደቂቃ የተቆራረጠ ሌላ 5 ሰዓት አለ። ከነቃችባቸው ጊዜያት አብዛኛውን የቀሰቀስናት እኛ ነበርን።

ደረጃ 2፦ እንቅልፍና አደጋን ለዩ

ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ሰው ከወትሮው ብዙ መተኛቱ የተለመደ ነው። የሚከተሉት ግን እንቅልፍ አይደሉም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው፦ ስትጠሩትና ስትነኩት በደንብ የማይነቃ፣ ከትናንት ዛሬ በድንገት የባሰ ድብታ፣ ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ አዲስ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መያዝ።

በግምት ከ5 ስትሮኮች አንዱ የሚታወቀው ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ነው። ስለዚህ ጠዋት አዲስ ምልክት ካያችሁ «ይተኛና ይሻለዋል» አትበሉ። ለሐኪሙ የምትነግሩት የነቃበትን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት እንደነበር ተናገሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪሙ የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ደብተሩ እዚህም ይጠቅማል።

ሌሊት መቃዠት ላይ ቆም ልበል፣ እኛ ብዙ የተሳሳትንበት ስለሆነ። ጎረቤት «ዱካክ ነው የተጫናት» አለ። ሌላው «መሄጃዋ ደርሶ ነው፣ የሞቱት እየጠሯት ነው» አለ። በጥቂት ቀን ውስጥ የመጣ፣ ማታ ማታ የሚብስ ግራ መጋባት ብዙ ጊዜ መነሻ አለው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ ኪኒን። ቱቦ ያለው ሰው ሽንቱ ይመርመር። የእናቴ ሽንት ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒቱን በጀመረች በ4ኛው ቀን የሞቱትን መጥራት ተወች።

ደረጃ 3፦ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ትንፋሹን አዳምጡ

ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል። ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ደንግጦ ለአፍታ ያነቃዋል፣ በኃይል ይተነፍሳል፣ መልሶ ይተኛል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቀን ይደብተዋል፣ ግፊቱ በኪኒን አልወርድ ይላል። ችግሩ ሌላ ስትሮክ የማምጣት ዕድሉንም ከፍ ያደርጋል።

እኛ ቤት ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ነበር። «እሰይ፣ ዛሬስ ተኛችልን» እንል ነበር።

እንዲህ አድርጉ። እንቅልፍ ከወሰደው ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት ሳታበሩ ለ30 ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡ። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ካለ መቁጠር ጀምሩ። ዝምታው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ በማነቅ ወይም በማቃሰት ከተመለሰ፣ ያ ነው። በስልካችሁ ቅረጹት። ለሐኪም ከሺህ ማብራሪያ ያ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ይበልጥበታል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ በጀርባው አታስተኙት፤ በጎን ይሁን። ከወገብ በላይ ትንሽ ከፍ ይበል። ማታ አረቄም ሆነ ጠጅ «እንቅልፍ ያመጣለታል» ተብሎ አይሰጠው፣ ጉሮሮውን ይበልጥ ያላላዋል።

ዋናው ሕክምና ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ነው። በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። በአገራችን የእንቅልፍ ምርመራ የሚሰጥባቸው ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ያገለገለ ማሽን መላኩ የተለመደ ነው። ለምትልኩ ወንድምና እህቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአየሩ ግፊት ለእያንዳንዱ ሰው በባለሙያ ይለካል፣ ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ይነገረው። ጭንብሉን በራሱ እጅ ማውለቅ ለማይችል ወይም ለሚያስመልሰው ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ቀን አድርጉት

አንጎል ውስጥ ሰዓት አለ። ያን ሰዓት በዋናነት የሚያስተካክለው ዓይን ውስጥ የሚገባ ብርሃን ነው። እዚህ ላይ አገራችን አድላናለች፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ታማሚውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አውጡት። ካልተቻለ አልጋውን መስኮት ሥር አድርጉና መጋረጃውን ግለጡት። በክረምት ደመናው ስለሚከብድ ትንሽ ይቆይ። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ሆናችሁ የምታስታምሙ ደግሞ ክረምት ላይ ጠዋቱ ጨለማ ስለሆነ፣ ለብርሃን ሕክምና ስለሚያገለግል መብራት ሐኪም ጠይቁ።

ቀን ማሸለብን አትከልክሉ፣ አደራጁት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ቢቻል ከፊዚዮቴራፒው ቀጥሎ። የተለማመደውን ይዞ እንዲተኛ ነው። ከዚያ ውጭ ዓይኑ ሲከደን አነጋግሩት፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ምስር ይልቀም፣ ፎቶ ያሳያችሁ።

አሁን ወደ ሳሎኑ ልምጣ። በእኛ አገር ሰው ሲታመም አልጋው ሳሎን ይዘረጋል። ጠያቂ እንዲመቸው ነው፣ ታማሚውም ብቻውን እንዳይሆን። ሐሳቡ ፍቅር ነው። ግን ቴሌቪዥኑ እስከ 5 ሰዓት ሌሊት እዚያ ይጮሃል፣ መብራቱ አናቱ ላይ ነው፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ በሩ ይንኳኳል። የእናቴን አልጋ ወደ ጓዳ ክፍል ለመውሰድ ሦስት ቀን ተከራከርን። ትልቁ ወንድሜ «እንደ ዕቃ ጓዳ እንጨምራት?» አለ። በመጨረሻ ያስማማን ነገር፣ ቀን ሳሎን ወንበር ላይ፣ ሌሊት ጓዳ አልጋ ላይ የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሳሎን ማለት ንቃት፣ ጓዳ ማለት እንቅልፍ ሆነላት።

ጠያቂንም ሰዓት መስጠት ይቻላል። ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። «ሐኪሙ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው ያለው» በሉ፤ የሐኪም ቃል ይከበራል። ቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁትና እውነት ይሁን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንግዳ አይግባ።

ደረጃ 5፦ ቡናው

የቡና ኃይል ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተባለማ የከፋ ነው። ለታማሚው ጠዋት አንድ ስኒ ይበቃል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ አይጠጣ። ሻይም እንደዚያው።

የከሰዓቱን ቡና ግን ቤቱ ውስጥ አታጥፉት። እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጭሱና ጨዋታው እየደረሳት፣ በስኒዋ ሞቅ ያለ ወተት ትጠጣ ነበር። ያ ሰዓት ንግግሯን ካወጡላት ነገሮች አንዱ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ካለ ግን እዚህ ላይ መሃል መንገድ የለም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ አልጋውና ማገላበጡ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ትልቁ መብራት ይጥፋ፣ አነስተኛ ቢጫ መብራት ይብራ። እራት ቁጭ ብሎ ይብላ፣ ከበላ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀና ብሎ ይቆይ፤ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ምግብ ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል። 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በየቀኑ ያው ሰዓት፣ ወደ አልጋ።

በስትሮኩ የደከመው ክንድ ሲንጠለጠል ትከሻው ያማል፣ ሕመሙም ሌሊቱን ሙሉ ያነቃል። በደህናው ጎን ሲተኛ የደከመውን ክንድ ከፊቱ በትራስ ላይ አሳርፉለት። በጉልበቶቹ መካከልም ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ይግባ። በደከመው ጎን ከተኛ ትከሻው ከሥር እንዳይጨፈለቅ ወደ ፊት ወጣ ይበል። ስታነሱትም በደከመው እጁ አትጎትቱት።

የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየ2 ሰዓቱ አገላብጡ ይባላል። ትክክል ነው። ግን ሌሊት 2 ሰዓት ባለፈ ቁጥር ማገላበጥ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳይፐር፣ ከዚያ ውኃ ከሆነ እንቅልፍ የለም። ሦስቱን በአንድ ላይ ሥሩ። መብራት ሳታበሩ፣ ሳታወሩ። ቆዳው ደህና ከሆነና ጥሩ የአየር ፍራሽ ካለው፣ የሌሊቱን ልዩነት ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት ማስፋት ይቻል እንደሆነ ነርስ ወይም ሐኪም ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ የኪኒኑን ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ

ኪኒኑን ሁሉ ሰብስቡና ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት «ከእነዚህ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ወይም ቀን የሚያስተኛ የትኛው ነው?» በሉ። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ፣ ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን በፖፖ ያስጨርሳል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ጠዋት ይዛወራል። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን አንዳንዱን ሰው ንቁ ስለሚያደርግ ጠዋት ይመረጣል። ለድብርት ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ስለሚያስተኛ ማታ ይሰጣል።

ከባዱ ማስጠንቀቂያዬ ስለ እንቅልፍ ኪኒን ነው። እኛ ያለ ማዘዣ ዲያዜፓም ገዝተን ሰጥተናታል። ተኛች። ጠዋት ግን እንደ ጨርቅ ሆነች፣ ምራቋን መዋጥ አቃታት። የዚህ ዓይነት ኪኒን ትንፋሽ ለሚቆራረጥበት ሰው አደገኛ ነው፣ ለመውደቅ ያጋልጣል፣ የአንጎልን ማገገምም እንዳያዘገይ ያሰጋል። የጉንፋንና የአለርጂ ኪኒኖችም፣ ክሎርፌኒራሚንን ጨምሮ፣ አረጋውያንን ሊያቃዡ ይችላሉ። በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ዲያዜፓም ደግሞ በድንገት አታቁሙ፤ ማቆሙ ራሱ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል።

የሚጥል ሕመም ካነሳሁ አይቀር፦ ከስትሮክ በኋላ አንዳንድ ሰው ላይ ይመጣል፣ እንቅልፍ ማጣትም ቀስቃሹ ነው። ጠዋት የተነከሰ ምላስ፣ ያለወትሮው የረጠበ አንሶላ፣ የዛለ ገላ ካያችሁ ሌሊት ጥሎት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ንገሩ። ለሚጥል ሕመም ፌኖባርቢታል ወይም ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት መቆም ይቅርበት፣ ቀን ያስቀድስ። ጠበል ከሄደም ኪኒኑ አብሮት ይሂድ።

ደረጃ 8፦ ኀዘኑን አትለፉት

ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ጣሪያ እያየ የሚነጋለት፣ ምግብ ያስጠላው፣ «ለምን አልሞትኩም» የሚል ሰው ካለ ይህ ከእንቅልፍ ያለፈ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉን ድብርት ያገኛቸዋል። ሕክምና አለው። «አይዞህ» ብቻውን አይበቃም፤ ለሐኪም በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 9፦ ሌሊቱን ተካፈሉት

አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት ሁሉንም ሌሊት የምትነቃው። በወር ውስጥ እሷም ትታመማለች። ቀላሉ መላ ሌሊቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ አንዱ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላው ከ8 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ጠዋት። ተረኛ ያልሆነው በሌላ ክፍል፣ በሩን ዘግቶ ይተኛ። ሁለቱም ቢያንስ 5 ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያገኛሉ። ውጭ ያሉት ዘመዶች ገንዘብ ሲልኩ በሳምንት ለ2 ሌሊት አስታማሚ መቅጠሪያ ብለው ቢልኩ፣ ከብዙ ቪታሚን ይልቅ ይጠቅማል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ደብተሩን፣ ትንፋሹን ማዳመጡንና የጠዋት ፀሐዩን በመጀመሪያው ሳምንት፤ አልጋውንና ጠያቂውን በሁለተኛው። ከ14 ቀን በኋላ ደብተሩን እንደገና ደምሩና ከመጀመሪያው ሳምንት ጋር አስተያዩ። ከሐኪም ቀጠሮ ስትሄዱም እሱን፣ የኪኒኑን ፌስታልና የስልኩን ቪዲዮ አትርሱ።

የእናቴ ደብተር አሁንም አለ። በ19ኛው ሌሊት ገጽ ላይ ታናሽ እህቴ በእርሳስ እንዲህ ጽፋለች፦ «2 ጊዜ ብቻ ነቃች። ጠዋት በራሷ እጅ ፀጉሯን አበጠረች።»